ገመድ ወደ ቁልቁል እንዳይጣል

በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ፲፰ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጤዛው ከሣሩ ላይ ሲነሣ፣ እኔ ምንዳዬ ዋኘው፣ ከወለቃ መንደር በላይ ባለው ተዳፋት፣ ወይራ ሥር በሚባለው ማሳዬ ዳር፣ በአጎዛ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ሐኪሞቹ ልብሽ ሰፍቷል ብለውኛል። ልቤ ቢሰፋም አሳቤ አልተበተነም፤ የትናንቱን ከዛሬው፣ የእኔን ከሰው ለይቼ አውቃለሁ። ያዘዘኝ ሰው የለም። የለመነኝ ግን አለ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ቃሌን የምትጽፍልኝ በቀበሌያችን የምታስተምረው መምህርት ፋሲካ ናት። ምስክሮቼ አራት ናቸው፦ የነፍስ አባቴ መምሬ ሰውአገኝ፣ የሟቹ ባለቤቴ የምናለ ታላቅ ወንድም አያ ሙሉቀን፣ በአራዳ ገበያ ጨውና በርበሬ የሚሸጡት አያ ሰጠኝ፣ የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ታየች። ወራሾቼ ሁለቱ ልጆቼ ናቸው፦ ይህን ማሳ የሚያርሰው ቢያዝን፣ በከተማም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት የምትሠራው ውቢት። እርሱ በቀኜ፣ እርሷ በግራዬ ተቀምጠው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ እኔን ያያሉ። መምህርት ፋሲካን፣ እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በመካከል ሰው የሚናገረውንም ጻፊ ብያታለሁ፤ ኋላ አልተባለም እንዳይባል።

ኑዛዜ በአልጋ አጠገብ መሰጠቱ የተለመደ ነው። እኔ ግን እስከዚህ ተሸክማችሁ አምጡኝ ያልኩት የማወርሰውን ነገር ሁላችሁም እንድታዩት ነው። ከፊታችን ቦረቦሩ አለ። ጎርፍ የቆረጠው ግድግዳው እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ውስጡን ያሳያል፤ ከላይ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለው፣ ቀጥሎ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈረው ድንጋይ፣ ከሥር አለቱ። ሰው መሬት ሲያወርስ ላዩን እንደሚያወርስ ይመስለዋል። እኔ እስከ ታች ድረስ ያለውን ነው የማወርሰው።

በመጀመሪያ ይህ ቦረቦር እንዴት እንደ ተወለደ ይጻፍልኝ፤ የቀረው ቃሌ ሁሉ ከዚህ ይወጣልና።

በአገራችን ተዳፋት መሬት ሲከፈል ገመድ ይጣላል። ሽማግሌዎች አንዱ ከአናት፣ አንዱ ከግርጌ ቆመው ገመዱን ቁልቁል ይዘረጉታል። ላይኛው ጭንጫ ነው፤ ታችኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወራሽ ከክፉውም ከደጉም ይድረሰው ተብሎ ነው። አማቴ በሞቱ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ለምናለ አንድ ረጅም ቁራጭ፣ ለአያ ሙሉቀን አንድ ረጅም ቁራጭ ደረሳቸው። ማንም አልተበደለም። ፍርዱ የቀና ነበር፤ የተረሳው ውሃ ብቻ ነው። ገመዱ ያረፈበት መስመር ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ድንበር ሆነ። ድንበሩ የማንም ስላልነበረ ሁለቱም ወንድማማቾች የክረምት ፈሰሳቸውን ወደዚያ ለቀቁት። ውሃው የቆረጠውን መጀመሪያ ሕፃን ይዘለው ነበር። ቆይቶ ፍየል ብቻ ይዘለው ጀመር። ቆይቶ መዝለሉ ቀረና ሰው ከወዲያና ከወዲህ ሆኖ ይጠራራ ነበር። በመጨረሻ መጠራራቱም ቀረ። ባለቤቴ ከወንድሙ ጋር ሳይነጋገር ሞተ፤ የሚያጣላ ክፉ ቃል ግን በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም። አፈሩ ነበር ከመካከላቸው የሄደው።

እዚህ ላይ አያ ሙሉቀን ከተቀመጡበት፣ «ይህንንም አስጽፊው እንጂ፤ ገመዱን ከላይኛው ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ።

መምህርት ፋሲካ፣ «ተጽፏል፣ አያ» አለች።

«እንግዲያ ሸጋ ገመድ እንደ ነበረ ጨምሪበት። ዛሬም በሬ አስርበታለሁ።»

ተጨምሯል።

ስለ አፈር ይህን ሁሉ የምናገረው ከየት አውቄ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ወንድሞቼ ከየኔታ ዘንድ ሲማሩ እንጨት እየለቀምኩ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ፤ ፊደሉን በጆሮዬ ያዝኩት፤ መልኩን ኋላ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቴ የአያ ሰጠኝ ሱቅ ነበር። በዚያን ዘመን ጨው የሚጠቀለለው በአሮጌ የተማሪ መጽሐፍ ቅጠል ነበር፤ አንዱም መጽሐፍ ስለ አፈር የሚናገር ኖሮ ቅጠሉ እየተቀደደ ከጨው ጋር ወደ ቤቴ መጣ። ግን በተራው አልመጣም። መጀመሪያ ስለ አለት የሚናገረው ደረሰኝ፤ ስለ ላይኛው አፈር የሚናገረው የመጣው ውቢት ከተወለደች በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ አፈርን ከላይ ወደ ታች ሲያውቅ እኔ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ሆኜ ነው ያወቅሁት። አንዱ ቅጠል «የተክል ሥር ከአፈር የሚፈልገው» ብሎ በመካከል ተቀዶ ነበር። ቀሪውን ፍለጋ ጨው ሳያልቅብኝ ጨው ልገዛ ብዙ ጊዜ ወረድኩ።

አያ ሰጠኝ ሳቁና፣ «ሰው ጨው ይገዛና ወረቀቱን ይጥላል፤ ምንዳዬ ወረቀቱን ትገዛና ጨውን በምርቃት ትወስድ ነበር» አሉ።

ቀሪው ቅጠል አልተገኘም። ሌላ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ጨው ጠቅልሎበት ወስዶት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የዓረፍተ ነገሩን ፍጻሜ ከማሳው ላይ ፈለግሁት። ሥር የሚፈልገው የሚይዘው ነው፤ ነፋስ ሲመጣ እንዳይወድቅ። የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ነገር ግን እንዳይሰጥም የሚተነፍስበት ቀዳዳም ያሻዋል። የሚበላው ነው፤ እርሱንም የሚያዘጋጁለት ትሎችና የበሰበሰ ቅጠል ናቸው። ሰውም ከዚህ የተለየ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለ አፈሩ ቅንጣቶች ግን ያስተማረችኝ ልጄ ውቢት ናት፤ ይህ ምስጋና በስሟ ይጻፍ። ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ከከተማ የማርማላታ ብርጭቆ አመጣች። ከዚህ ማሳ አፈር ጨምረን፣ ውሃ ሞልተን፣ ክዳኑን ይዘን ናጥነውና በመስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። አሸዋው ዓይናችን እያየ ወረደ። ራት ስንበላ በላዩ ሌላ ለስላሳ ንጣፍ ተነጠፈ፤ እኔ ዱቄት አልኩት፤ እርሷ ደለል ይባላል አለችኝ። ሸክላው ግን እምቢ አለ። በማግስቱም ውሃው ውስጥ እንደ ደመና ቆሞ ነበር። «ይህኛው መቼ ይተኛል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ይህኛው በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃው ደጋግሞ ያነሣዋል፣ እማዬ» አለችኝ። ሦስቱም የድንጋይ ልጆች ናቸው፤ አሸዋ ውሃ አይዝም፣ ሸክላ የያዘውን አይለቅም፣ ደለል በመካከላቸው ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገኙ፣ የበሰበሰው ቅጠልም ሲያጣብቃቸው፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ፍርፋሪ ይሆናል። እንዲያ ያለ አፈር በዚህ ማሳ የት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በሽታው ከጸናብኝ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ስጨፍን እወርዳለሁ። ይህን ለመናገር አፍር ነበር፤ ዛሬ ግን አላፍርም። መጀመሪያ በጥቁሩ ውስጥ እገባለሁ። በዚያ ሙቀት አለ፤ እንደ ሕፃን ጸጉር የቀጠኑ ሥሮች ፊቴን ይዳብሱኛል፤ ትል በሠራው መንገድ አየር ይገባል፤ አንዲት የዝናብ ጠብታ ከእኔ ጋር ትወርዳለች፣ ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። ቀጥሎ ቀላ ወዳለው እደርሳለሁ። እዚያ ጸጥታ አለ። ዝናብ ከላይ እያጠበ ያወረደው ሸክላ እዚያ ተከማችቷል፤ ሥር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የደረሰው የወይራው ሥር ስለሆነ እንደ ክንድ የወፈረ ነው፤ ድርቅ በሆነበት ዓመት ዛፉን ያቆመው ይህ ነው። ከዚያ በታች ድንጋዩ ድንጋይ መሆኑን እየረሳ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ቀስ ብሎ፣ በእኛ ዕድሜ በማይቆጠር ጊዜ፣ አፈር መሆንን ይለማመዳል። ከሁሉ በታች አለቱ ተኝቷል። ጆሮዬን ባስጠጋበት ምንም አይሰማም። ከዚያ ስነቃ የምራቴ የአመተ ሥላሴ እጅ ግንባሬ ላይ ይሆናል፤ «የት ሄደሽ ነበር?» ትለኛለች፤ «እዚሁ ነበርኩ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ እመለሳለሁ።

ቤቴና ግቢው ከነጌሾው ለቢያዝን ይሁን፤ የሠራውም እርሱ ነው። ቦራዋን ላሜን ለምራቴ ለአመተ ሥላሴ ሰጥቻለሁ፤ በታመምኩበት ጊዜ ከእኔና ከላሟ ማን እንደሚብስባት ሳታማርር ሁለታችንንም አስታማለች። የጥበብ ቀሚሴና ያ የማርማላታ ብርጭቆ ለውቢት ይሁኑ። የጨው ወረቀቶቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ፤ ልጆቹ በገጻቸው ተራ ቢደረድሯቸው ደስ ይለኛል፤ ባይደረድሯቸውም ግድ የለም።

ለባለቤቴ እኅት ለወለላ ከፍግ ክምሬ አንድ የአህያ ጭነት ይሰጣት። ወለላ፣ ኩበቴን ከማንደድ ይልቅ ከአፈር ጋር ስቀብር እያየች «ምንዳዬ እዳሪ ትዘራለች» ስትል ኖራለች። የጓሮዋ ጎመን ግን እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ከደፋ ቆይቷል። ይህ ስጦታ እንጂ ስድብ አለመሆኑ ይመዝገብልኝ።

አያ ሙሉቀን፣ «ሁለት ጭነት አድርጊላት፤ ጎመኑን አይቼዋለሁ» አሉ። ሁለት ይሁን።

ወደ ዋናው ደረስኩ። በስሜ ባለው የይዞታ ደብተር የተጻፈውን የወይራ ሥር ማሳ የመጠቀም መብቴን ለሁለቱ ልጆቼ አወርሳለሁ። ነገር ግን በዚህ ማሳ ላይ ገመድ ወደ ቁልቁል እንዳይጣል። ክፍፍሉ አግድም ይሁን፤ ከወይራው ግንድ ተነሥቶ በቦረቦሩ ዳር እስካለው ትልቅ ድንጋይ ድረስ ይቆረጥ። ከዚያ በላይ ያለው ጭንጫ ለቢያዝን፣ ከዚያ በታች ያለው ዋልካ ለውቢት ይሁን። የታችኛው ባለቤት ከሚያጭደው ሁሉ ሲሶውን ለላይኛው ይስጥ። ታች ያለው ጥቁር አፈር ከላይ ታጥቦ የወረደ ነውና፣ ከወረደው ጥቂቱ ወደ ላይ ቢመለስ ፍርድ ነው።

እዚህ ላይ ቢያዝን ተናገረ። ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው።

«እማዬ፣ ጭንጫውን ለእኔ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ምነው? ምን በደልኩ? ዋልካውን በሞፈር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በክረምት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ፈሰስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትናንት እጅሽን ስሜ የለመንኩሽ አንድ ነገር ነው፤ ገመድ ይጣል፣ ለሁለታችንም ከክፉውም ከደጉም ይድረሰን። አባቶች ያደረጉት ነው።»

የለመነኝ አለ ያልኩት እርሱ ነው። ልመናው የክፋት አልነበረም።

ውቢት መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም ታችኛውን ስጡኝ አላልኩም» አለች።

«አንቺማ ምን ትያለሽ፤ ጫማሽን ጭቃ ሳይነካው ዋልካ ወረስሽ።»

«ሳይነካው? ሽምብራ ስንለቅም በተሰነጠቀው መሬት ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ያለቀሰው ማን ነበር? አንተ የነበርክ መሰለህ?»

«ያለቀስሽውስ ለጫማሽ ነበር።»

«ጫማውም የአንተ ነበር፤ ሰርቄህ።»

መምሬ ሰውአገኝ ሳል ሳሉ። መሳቃቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆቼ ግን አልሳቁም።

አያ ሙሉቀን በከዘራቸው ወደ ቦረቦሩ አመለከቱ። «አንተ ልጅ፣ አባቶች ያደረጉት ይኸውልህ ተከፍቶ ፊትህ ተቀምጧል። ገመዱ ሲጣል አንተ በእናትህ ጀርባ ነበርክ። እኔ ግን በደስታ እልል ካሉት አንዱ ነኝ፤ ከዋልካውም ከጭንጫውም ደረሰኝ ብዬ። አሁን ዋልካውም የለ፣ ጭንጫውም የለ፤ ያለኝ ገደል ነው።»

ቢያዝን፣ «ታዲያ ልጆቼ ድንጋይ ይብሉ?» አለ። ጮኾ አይደለም የተናገረው። ከዚህ ጥያቄ የሚከብድ በዚህ ጠዋት አልተነገረም።

መልሴ ይጻፍ። ልጄ፣ ላይኛውን የሰጠሁህ እጅ ስላለህ ነው። ውቢት ላይኛውን ብትወስድ ድንጋይ የሚያነሣላት የለም፤ እርከኑ በአንድ ክረምት ይናዳል። ያን ጊዜ ታችኛው ማሳ መጀመሪያ አፈር ይወርድለትና ደስ ይለዋል። ቀጥሎ አሸዋ ይወርድበታል። ቀጥሎ ጠጠር። ቀጥሎ የሚወርድም አይኖርም። ላይኛው የታችኛው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን የሚይዝ ሰው ቤቱን ሁሉ ይዟል። እዚያ ላይ ባለፈው ዓመት የሠራነውን የመጀመሪያ እርከን ተመልከት። ከድንጋዩ ጀርባ ያደረው አፈር ደልቧል፤ የታጨደውም ገብስ አገዳው ከሌላው ይወፍራል። ድንጋይ እንዲበሉ አይደለም የምልህ፤ ድንጋይ ደርድር፣ አፈሩ ራሱ ይመጣል ነው የምልህ። ይህ እስኪሆን ደግሞ ሲሶው አለልህ። ታችኛውንም ራቅ ያለ ሰው እንዳያርሰው፣ ብትፈልግ እኩል አራሹ አንተ ነህ። ውቢትም ከወንድሟ በፊት ሌላ አራሽ እንዳትፈልግ።

ውቢት፣ «አልፈልግም» አለች። ከዚያም ወደ ወንድሟ ዞራ ቀስ ብላ፣ «እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እኔ ከተማ ሆኜ አንተ ላይኛውን ብትተወው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር በእኔ መሬት ላይ የሚሆነውን ማን ይነግረኛል?» አለችው።

መምህርት ፋሲካ ብዕሯን አስቀምጣ አንድ ነገር አስገነዘበችኝ። ከወራሾቼ አንዱ ይህን ክፍፍል አልቀበልም ብሎ ቢከስ፣ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይመለሳል፤ ሽማግሌም የሚያውቀው ገመድን ነው። ስለዚህ ቃሌ ሙሉ በሙሉ የቆመው በልጄ በቢያዝን አፍ ላይ ነው። እርሱ እሺ ካለ ማሳው ይኖራል። እምቢ ካለ በዚህ ማሳ መካከል ሁለተኛ ቦረቦር ይወለዳል፤ በሁለቱ ልጆቼም መካከል እንዲሁ። ይህን እያወቅሁ አላስገድደውም። እኔም ሳልገደድ ነው የተናዘዝኩት።

ቢያዝን ተነሣ። ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ወደ ላይ፣ ወደ ጭንጫው ሄደ። ማንም አልጠራውም።

እንዲመለስ ጠበቅነው። ፀሐዩ ሞቀ። ከታች ከመንገዱ የጋሪ ድምፅ ይመጣ ነበር። እኔ ትንሽ ዓይኔን ጨፈንኩና እንደ ልማዴ ልወርድ ጀመርኩ፤ ጥቁሩን አልፌ ሳልጨርስ የታየች ድምፅ መለሰኝ።

ታየች ከግድግዳው ቀላ ያለውን አፈር ቆርሳ በመዳፏ ውስጥ እያሸች ነበር። በጣቶቿ መካከል እንደ ትል አንከባለለችው፤ ሳይሰበር ቀለበት ሆነ። «ይህ ሸጋ ሸክላ ነው» አለች። «ነገር ግን ብቻውን ድስት አይሆንም። ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተሰበረ ገል ፈጭተን፣ አሸዋ ቀላቅለን ነው የምናቆመው።»

ስለ ልጆቼ የተናገረች መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ስለ ድስት ነበር።

አሳቡ ከመጣ ዘንዳ ይህም ይጻፍ፦ በማሳው ግርጌ ጥግ ካለው ጉድጓድ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ቀድሞው አፈር ያውጡ፤ የሚከለክላቸው አይኑር። ከቦረቦሩ ግድግዳ ግን አይቆፈር። ይህን ለታየች በስሟ ለመስጠት አስቤ ነበር፤ ምስክር የሆነ ሰው ስጦታ አይቀበልም ብላ መምህርት ፋሲካ ስለ ነገረችኝ ለሁሉም አደረግሁት። በጎረቤቶቼ ዘንድ ሸክላ ሠሪን ከገበታ የሚያርቅ ሰው ነበረ፤ አሁንም አለ። ልጄ ውቢት በትኩሳት በተያዘች ጊዜ አዝላ እስከ ከተማ የሮጠችው ታየች ናት። አፈር ማን እንደሚያበጀው አይጠይቅም።

ታየች፣ «እኔ ስጦታ ባይደርሰኝም ጉድጓዱ ይደርሰኛል» አለች።

ለልጆቼ የምሰጠው ምክር ጥቂት ነው። ከእርከኖቹ በላይ ያለውን የሣር ድንበር አትረሱት፤ ሞፈርም አይንካው፤ ውሃው እዚያ ደርሶ መሮጡን ይተዋል። የሰብል አገዳ ሁሉ ለከብት አይሰጥ፤ ለመሬቱም ይተውለት፤ መሬት የማይበላ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በዋልካው ላይ ዝናብ ሳያልፍ አትግቡ፤ እርጥብ ሳለ የተረገጠ ዋልካ እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ሥርም አየርም መግቢያ ያጣል። ክፉ ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ልብ እርጥብ ሳለ አትርገጡት።

ቀብሬ በደብራችን ግቢ ይሁን። በመቃብሬ ላይ ሲሚንቶ እንዳይፈስስ እለምናለሁ። ሣር ይብቀልበት። ዝናብ ሲመጣ ወደ እኔ እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

አያ ሰጠኝ፣ «ሲሚንቶው ባለፈው ሳምንት ዋጋው ስለ ጨመረ፣ ይህን ኑዛዜ ሳይጣሉ ይፈጽሙልሻል» አሉ።

አያ ሙሉቀን ግን አልሳቁም። «እኔም አንድ ቃል አለኝ» አሉ። «ምስክር እንጂ ተናዛዥ አይደለሁም፤ ቢሆንም ከምስክርነቴ ጎን ይጻፍ። ከመጪው ክረምት ጀምሮ ፈሰሴን ወደ ቦረቦሩ አልለቅም። ወደ ሣሩ አዞረዋለሁ። ከወዲህ ማዶ ጎርፍ የሚያቆም ክትር የሚሠራ ካለ፣ እኔም ከወዲያ ማዶ እሠራለሁ። ገደል በአንድ ወገን አይሞላም።»

ይህን ለመስማት ምናለ በሕይወት ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ መምህርት ፋሲካ፣ ቃሌ ሁሉ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮኽ ተብሎ መነበብ እንዳለበት ነገረችን፤ ማንበብም ጀመረች። ቢያዝን አልተመለሰም። እንጠብቀው ብትል፣ «አንብቢ» አልኳት፤ ልቤን ሲደክመኝ ይሰማኝ ነበር። «ፀሐይ ስትወጣ» አላለችም፣ «ጤዛው ከሣሩ ላይ ሲነሣ» አለች፤ ልክ እንዳልኩት ነው። ስለ ገመዱ ያለው ሲነበብ ከላይ ከጭንጫው አንድ ድምፅ ሰማን። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። መምህርት ፋሲካ ንባቧን አቆመች።

አያ ሙሉቀን እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ ተመለከቱ። «ያ የእኔ ድንጋይ ነው» አሉ። «ከቦረቦሩ አናት ካለው ክምሬ ነው የሚያነሣው።» ቀጥለውም፣ «ትልልቁን ከሥር ቢያደርግ ይሻለው ነበር» አሉ።

ውቢት ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ በታጨደው ገብስ መካከል ወደ ላይ ስትወጣ አየናት። ሲገናኙ ምን እንደ ተባባሉ ከዚህ አልተሰማም። የድንጋዩ ድምፅ ግን ፈጠነ፤ የሁለት ሰው እጅ ሆነ።

መምህርት ፋሲካ፣ «ቢያዝን ስምምነቱን በቃሉ አልሰጠም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች።

መምሬ ሰውአገኝ፣ «የሰማሽውን ጻፊ» አሉ።

እንግዲህ የሰማነው ተጽፏል። ንባቡም እስከ መጨረሻው ተፈጽሟል፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ከዚህ በፊት ለማንም የነገርኩት ኑዛዜ ቢኖር በዚህ ተሽሯል። እኔ በጣቴ አትሜበታለሁ፤ መፈረም ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን ብዕር ለመያዝ ጉልበት ስላነሰኝ ነው።

ተናዛዥ፦ ምንዳዬ ዋኘው፣ የቀኝ አውራ ጣት

ምስክሮች፦
መምሬ ሰውአገኝ፣ ፈርመዋል
አያ ሙሉቀን፣ የቀኝ አውራ ጣት፣ ከላይ ከተጻፈው የራሳቸው ቃል ጋር
አያ ሰጠኝ፣ ፈርመዋል
ወይዘሮ ታየች፣ የቀኝ አውራ ጣት፣ አፈሩ ሳይታጠብ

ጸሐፊ፦ መምህርት ፋሲካ፣ ፈርማለች

ወራሾች፦ ውቢት ምናለ እና ቢያዝን ምናለ፣ እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ ፊርማቸው እስኪወርዱ ይቆያል።